ቋንጃና አረር፤ የጎንደር አደን በትረካ፣ በፉከራና በሥዕል

ኪነ ጥበብ ከሥራ ጋር የተወለደች ናት ሲባል አስቀድሞ የሚጠቀሰው ምሳሌ አደን ነው። የሰው ልጅ ማረስ ሳይማር አውሬ ተከትሏል፤ ፊደል ሳይቀርጽም ያየውን አውሬ በዋሻ ግድግዳ ላይ ሥሏል። ከዱር ተመልሶ በእሳት ዙሪያ የተናገረው ቃልም ከትረካ ሁሉ ጥንታዊ ከሚባለው የሚመደብ ነው። ስለዚህ አደንን የሚመለከቱ የቃል፣ የጽሑፍና የሥዕል ሥራዎች ሲመዘኑ አንድ ሕብረተሰብ ስለ ዕውቀትና ስለ መሣሪያ ያለው አስተያየት አብሮ ይመዘናል። ጥያቄውም አጭር ነው፤ አውሬውን የጣለው ማን ነው? የተያዘው መሣሪያ ነው ወይስ መሣሪያውን የያዘው ሰው የብዙ ዓመት ልምድ? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የአደን ትረካን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ መሆኑን ከጎንደር ምድር የፈለቁና ስለ ጎንደር ምድር የተጻፉ ሥራዎች በግልጽ ያሳያሉ።

ከጎንደር ከተማ በአዘዞ አድርጎ ወደ ደቡብ ለሚወርድ መንገደኛ ፀዳ የሁለት ዓለም መገናኛ ናት። በስተኋላ የወይና ደጋው ኮረብታ፣ በስተፊት ወደ ጣና የሚዘረጋው የደንቢያ ሜዳ ይገኛል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ቢታለፍ ምድሩ ወደ ቋራ፣ ወደ መተማና ወደ አርማጭሆ ቆላ እየዘቀጠ ይሄዳል፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢወጣ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ይጋረጣሉ። ደጋው የዋሊያ፣ ቆላው የዝሆን፣ የጎሽና የአንበሳ አገር ነበር። በመካከል የተቆረቆረችው የነገሥታት ከተማም ከቆላ የመጣ ግዳይ የሚታይባት፣ ገዳይም የሚከበርባት አደባባይ ሆና ኖራለች። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው ዳግማዊ ኢያሱ ራሱ በአደን ፍቅሩ የታወቀ ነበር። እንግዲህ አደን በዚህ አገር የጥቂት ሰዎች መዝናኛ ብቻ አልነበረም። ለቆላው ነዋሪ እንጀራ፣ ለመኳንንቱ ማዕረግ፣ ለፎካሪውና ለአዝማሪው ደግሞ የቃል ምንጭ ነበር።

ጎራዴ፣ ዘንግና አንድ ፈረስ

ስለዚህ ምድር ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የእስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በ1771 ማብቂያ ላይ ከተማዋን ለቆ የወጣ ሲሆን፣ የጉዞ ታሪኩን በ1790 በአምስት ቅጽ አሳትሟል። ራሱን በትረካው መሐል ማቆም የሚወድ ጸሐፊ በመሆኑ የዘመኑ የእንግሊዝ አንባቢ ብዙውን ነገር እንደ ተረት ቆጥሮበት ነበር። ይሁንና ወደ ስናር ሲወርድ እርሱ «ቸርኪን» ብሎ በጻፈው የቆላ ሥፍራ፣ የወይዘሮ አስቴር ልጅ የአይቶ ክንፉ እንግዳ ሆኖ ስላየው የዝሆን አደን የጻፋቸው ገጾች ከመጽሐፉ ምርጥ ክፍሎች የሚመደቡ ናቸው። ምክንያቱም ጸሐፊው በእነዚህ ገጾች ላይ ለጊዜው ስለ ራሱ መናገሩን ትቶ የሌላውን ሰው ሥራ በጽሞና ይመለከታል።

ብሩስ «አጋጊር» ብሎ የሚጠራቸው አዳኞች ዱር ውለው ዱር የሚያድሩ፣ እንጀራን እምብዛም የማያውቁ፣ የገደሉትን አውሬ ሥጋ እየበሉ የሚኖሩ ቀጫጭንና ቀልጣፋ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ በአንድ ፈረስ ላይ ይቀመጣሉ፤ በገላቸው ላይ እራፊ እንኳ የለም። ብሩስ ይህን ያነሣው እንግዳ ነገር አሳይቶ አንባቢን ለማስገረም ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ጠይቋል። በሽሽት ጊዜ ቁጥቋጦና ቅርንጫፍ ልብሳቸውን እንዳይዝባቸው ነው። የፊተኛው በእጁ ከዘንግ የተለየ ነገር አልያዘም። የኋለኛው አንድ ሰፊ ጎራዴ አለው፤ ከእጀታው ቀጥሎ ያለው የስለቱ ክፍል በሁለት እጅ ለመያዝ እንዲመች በሲባጎ ተጠምጥሟል። መሣሪያ የተባለው ይኸው ነው።

የቀረው ሁሉ ዕውቀት ነው። ጋላቢው ዝሆኑ ፊት ለፊት ቆሞ ያስቆጣዋል። ዝሆኑ ፈረሱን ለመያዝ ሲዞር ፈረሰኛው ዘወር ብሎ በጎኑ ያልፋል፤ በዚያች ቅጽበት ባለጎራዴው በወዲያኛው ወገን ከፈረሱ ይወርዳል። የአውሬው ሐሳብ ከፈረሱ ጋር ነውና ሰውዬው ከኋላ ገብቶ ከተረከዙ ከፍ ብሎ ቋንጃውን በአንድ ምት ይቆርጠዋል። ፈረሰኛውም ተመልሶ ጓደኛውን ያፈናጥጠውና ወደ ሌላው ዝሆን ይዞራል። እዚህ ላይ ስለት ብቻውን ምን ይሠራል? ዝሆኑ መቼ እንደሚዞር፣ ፈረሱ ምን ያህል እንደሚታመን፣ ምድሩ ጉድጓድ ይኑረው አይኑረው የማያውቅ ሰው ከዚህ የተሳለ ጎራዴ ቢሰጠው መሞቻው ይሆናል። ብሩስም ምድሩ ሲከፋ ከእነዚህ አዳኞች የሚሞቱ መኖራቸውን አልደበቀም።

ለአማርኛ ሥነ ቃል ተመራማሪ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጋላቢው ዝሆኑ ፊት ቆሞ የሚናገረው ነው። በብሩስ አነጋገር ሰውዬው በመጀመሪያ የራሱን ስም ይናገራል፤ ቀጥሎ የፈረሱን ስም ይጠራል፤ ከዚያም የዝሆኑን አባትና አያት በየትኛው ሥፍራ እንደ ገደለ በቦታው ስም እየጠቀሰ ይዘረዝርና በመጨረሻ አውሬውን ይንቃል። ብሩስ ይህን የጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም የጎንደር አንባቢ ነገሩን ለይቶ ለማወቅ አይቸገርም፤ ፉከራ ነው። የፈረስ ስም የጀግና መጠሪያ በሆነበት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» በተባሉበት አገር ከዝሆን ፊት የፈረስን ስም መጥራት እንግዳ ነገር አይሆንም። መስተዋል ያለበት ሌላው ነጥብ በፉከራው ውስጥ ያልተጠራው ነገር ነው። ሰው ተጠርቷል፤ ፈረስ ተጠርቷል፤ ሥፍራ ተጠርቷል፤ የአውሬው የትውልድ ሐረግ ሳይቀር ተቆጥሯል። ጎራዴው ግን አልተወደሰም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚመካው ባየውና ባለፈበት ነው፤ በያዘው አይደለም።

የእነዚህ ገጾች ክብር ግን ከጉድለት ነጻ አይደለም። የመኳንንቱ ስም በትረካው ውስጥ ሲመላለስ፣ ራቁታቸውን ሞት ፊት የሚቆሙት ሰዎች በአብዛኛው በሙያቸው ስም ብቻ ይጠራሉ። ግብዣው የጌታው ነው፤ ዕውቀቱ ግን የአዳኙ ነበር። በሌላ በኩል ብሩስ አንድ የዝሆን ግልገል የቆሰለች እናቱን ለማዳን በሰውና በፈረስ ላይ ሲሮጥ ማየቱን፣ እናቲቱን ይተዉአት ዘንድ ቢጮኽም ጊዜው ማለፉን፣ እርሱ ግን ግልገሉን ባለመምታቱ እስኪጽፍ ድረስ ደስ እንዳለው ይተርካል። የአደን ትረካ የሥነ ጽሑፍ ማዕረግ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። አውሬው የጥይት ዒላማ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሕይወት ያለው ፍጥረት ሆኖ ይታያል።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ነፍጥም የራሱ ትዕይንት አለው። ብሩስ የራስ ሚካኤል ዘመድና የነፍጠኞች አለቃ ከነበረው ከገብረ መስቀል ጋር በተኩስ ነገር ተጣልቶ፣ በእርሱ ጠመንጃ ውስጥ የሚገባ የሞራ ሻማ ከገብረ መስቀል የብረት ጥይት የበለጠ ይሠራል ብሎ እንደ ተከራከረ፣ በኋላም በንጉሡ ፊት በሻማ ሦስት ጋሻ እንደ በሳ ጽፏል። ብዙ አንባቢ ይህን የነፍጥ ድል አድርጎ ያነበዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒውን የሚያስተምር ነው። ሁለቱም ሰዎች ነፍጥ አላቸው፤ ልዩነቱ አንደኛው የባሩዱን መጠንና ጠባይ ማወቁ ላይ ነው። ሻማ ጋሻ የሚበሳ ከሆነ፣ የበሳው የመሣሪያው ብርታት ሳይሆን የተኳሹ ዕውቀት ነው።

ባለቤቱ የፈራው ጠመንጃ

ከብሩስ ወደ ዘጠና ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1862 ባለው ጊዜ፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ጋር ሰቲት እየተባለ በሚጠራው የተከዜ የታችኛው ክፍል አድርጎ እስከ አንገረብ ወንዝ ድረስ በአደን ተጉዟል። በ1867 ያሳተመው የዓባይ ገባሮች መጽሐፍ ብሩስ ያያቸውን የሚመስሉ ባለጎራዴ አዳኞችን፣ የሐምራን ዐረቦችን፣ እንደገና ወደ አንባቢ ያመጣል። ቤከር በመሣሪያ ረገድ በአንድ ጠመንጃ የሚጓዝ ሰው አልነበረም። ካመጣቸው ከባድ ጠመንጃዎች መካከል ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ፈንጂ አረር የሚተኩስ አንድ ግዙፍ መሣሪያ ነበረው። «ሕፃኑ» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለት ነበር፤ ዐረቦቹ ደግሞ የመድፍ ልጅ ይሉታል። ይህ ጠመንጃ ሲተኮስ ባለቤቱን እንደ ነፋስ አመልካች የሚያሽከረክር ስለ ነበር፣ ቤከር የራሱን መሣሪያ ይፈራው እንደ ነበር ሳይሸሽግ ተናግሯል።

የቤከርን መጽሐፍ ሁለት እጆች የጻፉት ይመስላል። አንደኛው እጅ የጠመንጃ ቁጥር፣ የባሩድ ሚዛንና የአረር ክብደት የሚቆጥር የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው፤ እነዚህ ገጾች ለዘመኑ ባለጠመንጃ ይጠቅሙ እንደ ሆነ እንጂ ለሥነ ጽሑፍ የሚጨምሩት ነገር ጥቂት ነው። ሁለተኛው እጅ የሐምራንን አዳኞች እያደነቀ የሚጽፍ ነው። በተለይም ሮዱር ሸሪፍ የተባለው፣ አንድ ክንዱ የሰለለ ፈረሰኛ፣ ከሁሉ የከፋውን ሥራ፣ ማለትም ዝሆኑን አስቆጥቶ በራሱ ላይ መሳብን፣ እንዴት እንደሚፈጽም የሚገልጸው ክፍል ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሙሉ አካል ያለው ባለጠመንጃ በራሱ መሣሪያ ሲሽከረከር፣ ክንዱ የሰለለው ሰው በአንዲት ፈረስ ዝሆንን ይመራል። ቤከር ይህን ልዩነት ሆን ብሎ ያቀነባበረው አይመስልም። ነገር ግን ያየውን በሐቅ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው እውነትን ይናገራልና፣ መጽሐፉ ጸሐፊው ለመሣሪያ የነበረውን ፍቅር ራሱ ይቃወመዋል። የአዳኞቹን ስም ለይቶ በመጻፉም ከብሩስ ይሻላል።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። ትረካው ሕይወት የሚያገኘው ጸሐፊው የያዘውን ሲተው፣ ያየውን ሲናገር ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ቃል ለአዳኝም ለጸሐፊም የተነገረ ይመስላል።

የጠመንጃ ስም በፉከራ ውስጥ

በአማርኛ ፉከራና ቀረርቶ ውስጥ ነፍጥ የራሱን ሥፍራ የያዘው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ነው። የመሣሪያው ዓይነት በበዛ ቁጥር ቋንቋችን ስሞቹን እንደ ጥሩ ሸማኔ ፈትሎ የራሱ አድርጓቸዋል። ስናይደር ሰናድር ሆነ፤ አልቢኒ አልቤን ተባለ፤ ማንሊከር ምንሽር ሆኖ ቀረ፤ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራም ውጅግራ ተብሎ ባላገር ሆነ። ይህ ቋንቋው ሕያው መሆኑን የሚመሰክር ነው። የነፍጥ ስም በሕዝብ ቃል ውስጥ መግባቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደግሞ በየጫካው፣ ነፍጥ የአንድ ሕዝብ ነጻነት የተጠበቀበት መሣሪያ ነበርና አርበኛ ጠመንጃውን ቢያወድስ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ከጠላት የማረከው ጠመንጃ ታሪክ አለው፤ የጀግንነቱ ምስክር ነው።

የአደን ፉከራ ግን በሌላ ሚዛን ይታያል። የጥንቱን የአዳኝ ፉከራ አወቃቀር ለሚመረምር ሰው አራት አምዶች ይታዩታል። አዳኙ ማንነቱን ያስታውቃል፤ ቀጥሎ ሥፍራውን፣ ወንዙን ወይም መልካውን ይጠራል፤ ከዚያ አውሬው እንዴት እንደ መጣበት ይናገራል፤ በመጨረሻ ባልንጀሮቹን ምስክር ያደርጋል። ከአራቱ አምዶች አንዱ እንኳ ቢጎድል ፉከራው አይታመንም። በዱር ያደረ ሰው ውሸቱን ከአነጋገሩ ያውቅበታልና። ያልሄደ ሰው የመልካውን ስም ሊጠራ ይችላል፤ ነፋሱ በየት በኩል እንደ ነፈሰ፣ ዱካው አዲስ ወይም የዋለ መሆኑን በምን እንደ ለየ ለመናገር ግን ይቸገራል።

በኋላ የመጣው የተበላሸ ፉከራ የሚያደርገው እነዚህን አራት አምዶች አንሥቶ በምትካቸው የጠመንጃ ስም መደርደር ነው። ምንሽር ከአልቤን፣ አልቤን ከውጅግራ ጋር በቤት መምቻነት እየተሰለፈ ይሄዳል። ቤቱ ይመታል፤ ዜማው ያምራል፤ አውሬው ግን የለም። አውሬው ከሌለ ፍርሃት የለም፤ ፍርሃት ከሌለ ደግሞ ጀግንነቱ ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለው ፉከራ የገበያ ዕቃ ዝርዝር ወደ መሆን ያዘነብላል። የቃሉ ባለቤት ሰውዬው መሆኑ ቀርቶ ጠመንጃው ራሱ ፎካሪ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ባለጦሩና ባለጎራዴው በቀላል መሣሪያ ያደኑት ሌላ ስለሌላቸው ነው፤ ድህነትን እንደ ጥበብ ማወደስ አይገባም የሚል ነው። መቃወሚያው በከፊል እውነት አለው። ነፍጥ ያገኘ የቆላ አዳኝ ጎራዴውን መስቀሉ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ሕይወቱን አትርፎበታል። የሚመዘነው ግን መሣሪያው ቀላል ወይም ከባድ መሆኑ አይደለም። የሚመዘነው መሣሪያው የዕውቀትን ሥፍራ መያዝ አለመያዙ ነው። ነፋስ የሚያይ፣ ዱካ የሚያነብ፣ ጥይቱን የሚቆጥብ ባለጠመንጃ የጥንቱ ባለጎራዴ ወራሽ ነው። ነፋሱን ሳያይ ዝናሩን የሚያራግፍ ግን መሣሪያ እንጂ ሙያ የለውም።

ስለ ምክርም እንዲሁ ነው። የዱርን ነገር ከሽማግሌ አፍ የሰማ ወጣት ተጠቅሟል፤ ምክሩ የተጠራቀመ ልምድ ስለሆነ። ግን ምክሩ በእግር ካልተፈተነ ከጆሮ አያልፍም። ጥሩ የአዳኝ አስተማሪ ብዙ አይናገርም፤ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ተማሪው ከኋላ ሆኖ እግሩን የት እንዳሳረፈ ያያል። ምክር የሚበዛው ብዙ ጊዜ ራሱ ካልሄደ ሰው ዘንድ ነው። ይህም ለአደን ብቻ የሚሠራ አነጋገር አይደለም።

ሥዕሉና መድረኩ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት በሕዝባዊ ሠዓሊዎች እጅ የተስፋፋው የአደን ሥዕል የዚህን ችግር ሌላ ገጽታ ያሳያል። አሠራሩ የታወቀ ነው። በመካከል ዝሆን ወይም አንበሳ ይቆማል፤ ግራና ቀኝ አዳኞች ተሰልፈው በአንድነት ይተኩሳሉ፤ ከየአፈሙዙ የሚወጣው እሳትና ጢስ ሸራውን ያቋርጣል። ቀለሙ ደማቅ፣ አሰላለፉ የተመጣጠነ፣ ለዓይን የሚማርክ ነው። ነገር ግን የአዳኞቹ ፊት ይመሳሰላል፤ ጠመንጃቸውም ይመሳሰላል፤ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚበልጥ ተመልካች አያውቅም። ሁሉም አውሬውን ያያሉ፤ አውሬው የተፈለገበት ረጅም ቀን ግን በሸራው ላይ የለም። አደን ወደ ተኩስ አንሷል ማለት ነው፤ ተኩስ ግን ለአዳኝ የሥራው የመጨረሻ ቅጽበት እንጂ ሥራው አይደለም።

ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል የሚሻሉት አውሬው ሰውን የሚያጠቃበትን ማዕዘን ያልዘነጉት ናቸው። በዝሆን ኩንቢ የተጨበጠ ወይም በአንበሳ ክንድ ሥር የወደቀ አዳኝ በአንድ ጥግ ሲታይ ጠቅላላው ሥዕል ክብደት ያገኛል። ተመልካች የሰልፈኞቹን ጠመንጃ ረስቶ ወደዚያ ጥግ ያያል። ሠዓሊው የአደንን እውነት ያስቀመጠው እዚያ ነው።

የመድረኩ ፉከራ ደግሞ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ጎፈር ደፍቶ፣ ዝናር ታጥቆ፣ ጠመንጃ ወዝውዞ ወደ ሰማይ የሚያነሣ ተዋናይ ጭብጨባ ያገኛል። የሚታየው የሰውነት እንቅስቃሴ ጥበብ ያለበት መሆኑ አይካድም። ሆኖም ዱር ያደረ አዳኝ ጠመንጃውን እንደዚያ አይወዘውዘውም፤ ያቅፈዋል። እንደዚያም አይጮኽም፤ ጩኸቱን ለመንደሩ ያቆየዋል። ከፉከራው በፊት የነበረው ዝምታ በመድረኩ ላይ ስለማይታይ ፉከራው ከየት እንደ ፈነዳ አይታወቅም። ተዋናዩ ከመጮኹ በፊት ማድባቱን፣ ትንፋሹን መዋጡን፣ አፈር አንሥቶ ነፋስ መፈተኑን ለአንድ አፍታ ቢያሳይ ኖሮ፣ «ዘራፍ» የምትለዋ አንዲት ቃል ብቻዋን አዳራሹን ትሞላ ነበር። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ አልባሳትም ሆነ ተጨማሪ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ የቆላ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ማየት ነው።

ዋሊያና የገደሉ ዕውቀት

የነገሩ ክብደት ከሥነ ጥበብ ክልል አልፎ የሚታየው በሰሜን ተራሮች ላይ ነው። ዋሊያ በዓለም ላይ ከዚህ አገር በቀር የማይገኝ የገደል እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀው፤ በ1925 ደግሞ እንግሊዛዊው አዳኝ ሜይደን ከጉዞውና ከአደኑ በመነሣት ስለ ሰሜን ከፍታዎችና ገደሎች መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ከጠመንጃው ይልቅ ምድሩን ያስቀድማል፤ በዚህም ጸሐፊው አልተሳሳተም። በሰሜን የአደን ባለቤት ገደሉ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ምንም ዓይነት ጠመንጃ ቢይዝ፣ ጉሙ መቼ እንደሚነሣ፣ ዋሊያው ከየትኛው ገመገም ወጥቶ በየትኛው ሣር ላይ እንደሚውል የሚያውቅ የአገሬው መሪ ካልቀደመው የሚመለሰው በባዶ እጁ ነው።

ሩቅ የሚተኩስ ጠመንጃ ግን ይህን ዕውቀት ከሞላ ጎደል አላስፈላጊ አደረገው። በጦር ዘመን ዋሊያ ለመግደል ገደሉን ማወቅ ግድ ነበር፤ ገደሉን ለማወቅ ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ያ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ለአውሬው ጋሻው ነበር። ከወዲያኛው ገመገም ሆኖ መተኮስ ሲቻል ጋሻው ወደቀ። እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየወጣ መኖሪያውን በማጥበቡ ላይ ተኩሱ ተጨምሮ እንስሳው ከመጥፋት አፋፍ ደረሰ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ታወጀ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው።

ከ1967 እስከ 1969 የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ የሠራው የዌልስ ተወላጅ ኒኮል በ1971 ያሳተመው መጽሐፍ ከአደን ትረካዎች ተርታ ሊቆጠር ይገባዋል፤ ልዩነቱ አውሬ ለመግደል ሳይሆን ለማትረፍ መውጣቱ ብቻ ነው። የመጽሐፉ ስሜት በብዙ ሥፍራ ቁጣ የተሞላ ነው፤ ቁጣውም አንዳንድ ጊዜ የገበሬውን ችግር በሚገባ እንዳያይ ይጋርደዋል። ዋጋው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ጠባቂ በገደሉ ላይ የሚያሳልፈው ቀን አዳኝ ከሚያሳልፈው ቀን ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ያሳያል። መነሣቱ፣ መውጣቱ፣ ማድባቱ፣ ዱካ መከተሉ፣ መጠበቁ ሁሉ ያው ነው። የቀረው ተኩሱ ብቻ ነው። ተኩሱ ሲቀር ደግሞ የአደን ዕውቀት አልጠፋም፤ እንዲያውም ሙሉ ሆኖ ታየ።

የቀረው ሥራ

ብሩስም ቤከርም ያዩት የቆላ ዝሆን ዛሬ በዚያ ብዛት አይታይም፤ የዋሊያ አደንም ክልክል ነው። ስለዚህ አዲስ የአደን ፉከራ ከአዲስ ግዳይ ሊወለድ አይችልም፤ እንዲወለድም አይመኙለትም። አሁን በእጅ ያለው ሀብት የአሮጌ አዳኞች ዕውቀት ነው፤ ይህም በየቀኑ ከባለቤቶቹ ጋር ወደ መቃብር የሚወርድ ሀብት ነው። የጠመንጃው ስም ከነቁጥሩ በመዝገብ ሊገኝ ይችላል። የነፋስን አቅጣጫ በአፈር ብናኝ የሚያውቅ፣ የዋለን ዱካ ካደረ ዱካ የሚለይ፣ ጎሽ ሲቆጣ ከመሮጡ በፊት ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ሰው ግን ከሞተ በኋላ የትም አይገኝም።

በፀዳም ሆነ በአርማጭሆ፣ በደባርቅም ሆነ በቋራ ያለ መምህር ተማሪዎቹን ፉከራ እንዲሰበስቡ ሲያዝዝ ግጥሙን ብቻ ጽፈው እንዲመጡ ባያደርግ መልካም ነው። ከግጥሙ ጎን «ይህን ያየኸው የት ነው? ነፋሱ በየት ነበር? ፈረሱ ማን ይባል ነበር?» የሚሉ ጥያቄዎች ይጻፉ። ቃሉ ከሥራው ተነጥሎ ከተሰበሰበ የሚቀረው ቤት መምቻ ብቻ ነውና። ለሠዓሊውና ለተዋናዩም መንገዱ ይኸው ነው። ሠዓሊው ከተኩሱ በፊት ያለውን ሰዓት ለመሣል ይድፈር፤ ተዋናዩ ዝናሩን ፈትቶ ዝምታውን ይለማመድ።

ደራሲውም ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። የመሣሪያ ብዛት አዳኝን እንደማያደርግ ሁሉ የዘዴና የመመሪያ ብዛትም ደራሲን አያደርግም። ከሁለት ምዕተ ዓመት በፊት በቆላው ዱር ራቁቱን በፈረስ ላይ የተቀመጠው ሰው ዝሆን ፊት ቆሞ የተናገረው ስሙን፣ የፈረሱን ስምና ያለፈበትን ሥፍራ ብቻ ነበር። ያ ንግግር በባዕድ ቋንቋ ተመዝግቦ እንኳ እስከ ዛሬ ሳይደበዝዝ መቆየቱ ለአማርኛ ጸሐፊ በቂ ማስረጃ ነው።